የጥቁር ውሃ መዝገብ

መርሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ማሩ፣

ጤንነትህን ከእናትህ ሳቅ ነው የምረዳው። እሁድ እሁድ ስትደውል ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ እኔ ሳሎን ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ብዙ ከሳቀች ደህና ነህ ማለት ነው። ስትመለስ "አባባስ እንዴት ነው ብሎሃል" ትለኛለች። እውነቷን ይሁን እኔን ለማጽናናት አላውቅም፤ አጣርቼም አላውቅም።

እኛ አለን። እናትህን ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እኔን የግራ ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፤ መስመሩ ቢጣመምብህ ለዚያ ነው። ዓቢዳ "ጋሼ ደጀን፣ ፎቶ አንስቼ በስልክ ልላክልዎት፤ ዛሬውኑ ይደርሰዋል" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እሷ እንድታነበው የማልፈልገው የአባቷ ቃል አለበት። ነገ በሚኒባስ ወልድያ ሄጄ በፖስታ እልከዋለሁ። ዓቢዳን ረስተሃት ከሆነ የአብዱልሐሊም ልጅ ናት፤ የዚያ የችግኝ ጣቢያው ጥበቃ፣ አብሮኝ ደን ለደን ሲዞር የኖረው። አሁን እዚሁ መርሳ የባዮሎጂ መምህርት ናት።

ጥቁር ውሃ የለም። እናትህ ያልነገረችህ እኔ ስለለመንኳት ነው። ከግራና መንደር በላይ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት፣ በልጅነትህ ሾላ ስር አስቀምጬህ ስርቅ የምትጮህበት ደን ተቆርጧል። ዋርካውም፣ ሾላዎቹም፣ ዶቅማውም አልተረፉም። ባለፈው የካቲት፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አለቀ። አሁን ቦታው ላይ የጠጠር መፍጫ ቆሟል፤ ማሽላው አቧራ ለብሶ ነው የሚያድገው።

እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔ ልንገርህ።

ከመቆረጡ ሦስት ወር በፊት መርሳ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ጠጠር አምራቹ ያስጠናው ጥናት ለሕዝብ ይቀርባል ተባለ። ያቀረበው ገበየሁ የሚባል ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ካርታ አበራ። በየአገሩ ሰዎች ያዩት ወፍና ዛፍ ሁሉ በነጥብ የተመለከተበት፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል የዓለም መዝገብ ነው አለን። ሌላው ቦታ ነጥብ በነጥብ ነው። ወረዳችን ሀብሩ ላይ ሲደርስ ምንም የለም። ነጭ። ከዚያ ወረቀቱን ገልጦ "በጥናቱ ክልል ውስጥ ልዩ ጥበቃ የሚሻ ዝርያ ስለመኖሩ የተመዘገበ ማስረጃ አልተገኘም" ብሎ አነበበ።

የደኑን ወፍና ዛፍ ከጻፍኩባቸው ደብተሮች ሁለቱን በፌስታል ይዤ ነበር። ተነሣሁና "ማስረጃ አለ" አልኩ። "ሃያ ስምንት ዓመት የጻፍኩት አለ።"

ልጁ ከመድረክ ወርዶ መጣ። ደብተሮቹን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቀስ ብሎ አገላበጣቸው።

"አባቴ፣ ይህን ከእርስዎ ሌላ ያየው ሰው አለ?"

"የለም። ቤቴ ነው የሚቀመጠው።"

"'ከወልዴ ማሳ ራስጌ' ይላል። ይህ በካርታ ላይ የት ነው?"

"ወልዴ ሞቷል። ማሳውን ልጆቹ ተካፍለውታል። ግን ሄጄ አሳይሃለሁ።"

"እዚህ ደግሞ 'የውሃ ሙአዚን' የሚል ወፍ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ማን ይባላል?"

አላውቀውም ነበር፣ ማሩ። ሃያ ስምንት ዓመት የጻፍኩትን ወፍ ስሙን አላውቀውም ነበር። አብዱልሐሊም ሊነጋጋ ሲል ስለሚጮህና እሱን ለሱብሒ ሶላት ስለሚቀሰቅሰው የውሃ ሙአዚን አለው፤ እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩት።

ገበየሁ ሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ ብዬ ብጽፍ ይሰርዙብኛል። ምንጭ መጥቀስ አለብኝ፤ ይህን ምን ብዬ ልጥቀሰው? ለዚህ ስብሰባ ብለው የጻፉት ነው ቢሉኝስ በምን እመልሳለሁ? ከዓመት በፊት እንኳ ሁሉ የሚያየው ቦታ ተቀምጦ ቢሆን..." ብሎ ተወው። ደብተሮቹን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሕዝቡ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ፤ ጠጠር ቤቱ ለልጆቻችን ሥራ ይሰጣል ወይ የሚል።

አንተ በ2010 ክረምት የነገርከኝን ነው ያ ልጅ የደገመልኝ። ያን ትንሽ የመቅጃ ማሽን ከጀርመን ድረስ ተሸክመህ መጥተህ "አባባ፣ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ልቅዳቸው። ዳታውን ክፍት እናድርገው። መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተጠቀመበት ሁሉ ስምህን ይጠቅሳል" አልከኝ። እኔ የደብተሮቹን ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። "አንተም የእነሱ ደላላ ሆነህ መጣህ" አልኩህ። በእናትህ ፊት ነው ያልኩህ። በማግስቱ ማሽንህን እንደታሸገ ይዘህ ሄድክ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ታውቃለህ። በ1990 የመጣውን ፈረንጅ ታሪክ ስነግርህ ነው ያደግከው። ሦስት ደብተር "አስነብቤ እመልሳለሁ" ብሎ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፉ ሲመጣ የመጨረሻው ገጽ ላይ "አንድ የአካባቢው መንገድ መሪ ረድቶኛል" ይላል። ስም የለውም። ደብተሮቹም አልተመለሱም። የእኔ ወፎች፣ የእኔ ዓመታት፣ እኔ ግን መንገድ መሪ። ያ ቁስል የውሸት አልነበረም። ግን ከዚያ ሁሉ ቁስል የሠራሁት ነገር ቢኖር አንድ ቁልፍ ነው።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ሲደርስብን ሳጥኑን ጓሮ ፓፓያው ስር ቀብሬ ነው የሸሸነው። ተመልሰን ስናወጣው ከሠላሳ ስምንቱ ደብተር አሥራ አራቱ ውሃ ገብቶባቸው እንደ ሊጥ ሆነዋል። ለጠየቀኝ ሁሉ "ጦርነት በላቸው" እላለሁ። ሰውም አብሮኝ ያዝናል። ላንተ ግን እንዲህ ብዬ መጻፍ አልችልም። ያን የ2010 ክረምት ቀድተሃቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በነበሩ። ጦርነቱ የበላው እኔ የቆለፍኩበትን ነው።

ደኑ ሲቆረጥ ሄጄ ነበር። አብዱልሐሊም ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። ሳያየኝ ተመለስኩ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ዓቢዳ ሄድኩና "አስተምሪኝ" አልኳት። ያንን አንተ የምትለውን መዝገብ እሷ ታውቀው ኖሯል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ መብራት ባለ ቀን፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን እኔ አነባለሁ፣ እሷ ላፕቶፑ ላይ ትጽፋለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጮህን።

ለካ ሥራው መገልበጥ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር አለ። ዓለም ሁሉ ባንድ ዓይነት ካልጻፈ አንዱ የሌላውን ማንበብ አይችልም ትላለች። "ከወልዴ ማሳ ራስጌ" ያልኩትን በእግራችን ሄደን በስልኳ ነጥቡን ያዝነው። ቦታው የጠፋውን ደግሞ በግምት አስቀምጣ "ሦስት መቶ ሜትር ወዲህ ወይ ወዲያ ሊል ይችላል" ብላ ጻፈች። "እርግጠኛ አለመሆናችንንም የምንጽፍበት ዓምድ አለው፣ ጋሼ" አለችኝ። ሙአዚኑንም ከሥዕል መጽሐፍ አግኝተን፣ ድምፁን ከስልክ ሰምቼ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ለሚያውቁ ሰዎች ልካ አረጋገጠችው። በዓለም ቁጥሩ እየመነመነ ነው ከሚባሉት አንዱ ነው። ጥቁር ውሃ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ጎጆ ሠርቷል።

አሁን የምነግርህ አንተንም ይመለከታል።

በተወለድክበት ቀን የሙአዚኑን የመጀመሪያ ጎጆ እንዳገኘሁ ስነግርህ አድገሃል። እናትህ ደግሞ ሁለት ቀን ስታምጥ ወልድያ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ እንዳለቀስኩ ስትነግርህ አድገሃል። ሁለቱም በአንድ ቀን ነው። አንድም ቀን አስተያይተህ አልጠየቅከኝም፤ ጠይቀህ ቢሆን ምን እንደምልህ አላውቅም።

ዓቢዳ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ጮክ ብላ አነበበችው። "ጥቅምት 12 ቀን 1985። ጥቁር ውሃ። የውሃ ሙአዚን፣ ጎጆ፣ ሁለት እንቁላል። ያየው ማን ነው፣ ጋሼ?"

"ደጀን።"

"ዝርያውን የለየውስ?"

"ደጀን።"

ጣቷ ቆመ። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። "ማሩ የተወለደባት ቀን አይደለችም? አባቴ ሁሌ ያነሣታል። እርስዎ ወልድያ ሳሉ ብቻውን ወርዶ..."

"ደጀን ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

ጻፈችው።

ሦስት ቀን አልሄድኩም። ቤት ተቀምጬ የተረፉትን ሃያ አራቱን ደብተሮች ገጽ በገጽ አየኋቸው። አብዱልሐሊም ማንበብ መጻፍ አይችልም። እሱ ያያል፣ እሱ ይሰማል፣ "ይኼ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው" ይላል፤ እኔ እጽፋለሁ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስሙን ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ምን እንደሚል ልንገርህ፤ "አብዱልሐሊም ታሞ ቀረ። ዛሬ ምንም አላየሁም" ይላል።

ፈረንጁን ከሃያ ዓመት በላይ ረግሜዋለሁ። እሱ እንኳ መንገድ መሪ ብሎ አንድ መስመር ሰጥቶኛል።

በአራተኛው ቀን ሄጄ "ያቺን አጥፊያት" አልኳት። "የለየው የሚለው ላይ አባትሽን አስገቢ። እሷን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም።"

ዓቢዳ ላፕቶፑን ከደነችው። "መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት" አለችኝ። "ሳይጠየቅ የቀረው ይበቃዋል።"

በነጋታው ግራና ወረድኩ። ደኑ ከተቆረጠ ወዲህ ወገቡን ይዞት ከቤት አይወጣም። አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ አገኘሁት። "እንደምን አሉ" አልኩት። ማሩ፣ አብዱልሐሊም በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ሃያ ስምንት ዓመት እኔ "አንተ" እያልኩት፣ እሱ "አንቱ" እያለኝ ነው የኖርነው፤ እኔ የደን ባለሙያ፣ እሱ ጥበቃ ስለነበረ።

ፈገግ አለ። "ዛሬ ምን ሰሙ? ሕመሙ ጠንቶብኛል እንዴ አንቱ የሚሉኝ?"

ሁሉንም ነገርኩት። ደብተሩን፣ ስሙን፣ የጎጆዋን ቀን፣ ከአምስት ቀን በፊት በልጁ ፊት የዋሸሁትን። የሙስበሃውን ዶቃ እየቆጠረ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንዲህ አለኝ።

"ያ መዝገብ ዓለም ሁሉ የሚያየው ነው አሉኝ?"

"አዎ።"

"ማሩ ያን ክረምት ሲለምንዎት ሰጥተውት ቢሆን፣ ደኑ ይቆረጥ ነበር?"

ሌላ ውሸት አልቻልኩም። "ላይቆረጥ ይችል ነበር" አልኩት።

"አሁን ለሱብሒ የሚቀሰቅሰኝ ስልክ ነው" አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ "የስሜን ነገር ይቅር ብያለሁ። ወላሂ ከልቤ ነው። እኔ መጻፍ አልችልም ነበር፤ እርስዎ ባይጽፉት ጭራሽ አይኖርም። ደብተሩን መደበቅዎን ግን ይቅር ልልዎት አልችልም። ደኑ የኔ ቢሆን ይቅር እልዎት ነበር። የኔ አልነበረም" አለኝ።

ወደ ጓዳ ተጣርቶ እርጎ አስመጣልኝ። እንግዳ ነኝና ቀረበልኝ፤ ጠጣሁት። ስሰናበተው "ያስገቡት" አለ፣ "ስሜን ያስገቡት።"

ዓቢዳ አባቷ ይቅር ያለኝ ይመስላታል። "ምን አለዎት?" ስትለኝ "እሺ አለ" ነው ያልኳት። ይህን ደብዳቤ ከእሷ የደበቅሁት ስለዚህ ነው። እንደምታየው መደበቁን ጨርሼ አልተውኩም።

መዝገቡ ጥቅምት ላይ ወጣ። ሲወጣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር ነበር። መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ማንም ያለፈቃድ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ። ሲጠቀስ አብዱልሐሊም ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ዓቢዳ ሦስተኛ ናት። ሀብሩ አሁን ካርታው ላይ ነጭ አይደለም። ነጥቡ ከሁሉ የሚበዛው ጥቁር ውሃ ላይ ነው፤ አንድ ዛፍ በሌለበት ቦታ ላይ።

ገበየሁ ደውሎልኝ ነበር። ከላይ ባለው ሸለቆ ለሌላ ሥራ ጥናት ሲያጠና የእኛን መዝገብ ጠቅሶ፣ የሸለቆው ደን እንዳይነካ ጽፎ አስገብቷል። "አሁን የምጠቅሰው አገኘሁ፣ አባቴ" አለኝ። ተቀብለውት እንደሆነ ገና አላወቀም። ደስ ይበለኝ ብዬ ሞከርኩ።

ዓቢዳ ስሞቹን ስታስገባ "ሌላ የቀረ ሰው አለ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። አለ፤ መጀመሪያ ይከፈት ያለው ሰው አለ። ግን ሳልጠይቅህ ስምህን ባስገባ ያው ያንኑ ሥራዬን መድገም ነው። ስለዚህ አላስገባሁህም። አሁንም ቢሆን ማስተካከል ይቻላል ትላለች። መልስህን ለእናትህ ብትነግራት ይበቃል፤ ለእኔ ካልሆነልህ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መዝገቡ የታየውን ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ ተፈልጎ የታጣውንም ይቀበላል። ይህን አላውቅም ነበር። አብዱልሐሊም መሄድ ስለማይችል ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ወደ ጥቁር ውሃ ወረድኩ። ሦስት ቀን ሊነጋጋ ሲል ማሽኑ ሳይነሣ ደርሼ ጠበቅሁ፤ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ተመልሼ ለዓቢዳ ነገርኳትና የመጨረሻዋን መስመር ጻፈቻት። ዝርያ፣ የውሃ ሙአዚን። ብዛት፣ ዜሮ። ሁኔታ፣ የለም። ያየው፣ ደጀን። ማሩ፣ አሁን ከሞላው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አምስት መስመር ማንም ሳያሳየኝ፣ በራሴ ዓይንና በራሴ ጆሮ ያገኘሁት ይህን አንዱን ብቻ ነው።

የአገሩ ብርድ እንዳይጎዳህ። በሄድክበት ሁሉ የሚያምንህን ሰው አትጣ፤ የምታምነውንም ሰው አትጣ። እኔ ያጎደልኩብህን እግዚአብሔር በሌላ ይሙላልህ፤ ልጅ ወልደህ የሚለምንህን ከመከልከል ይሰውርህ። እናትህ ደብዳቤ መጻፌን አይታ ምንም አላለችኝም፤ እስክሪብቶዬ ሲያልቅ ግን ሄዳ ሌላ ገዝታ መጣች።

አባትህ
ደጀን